ለገሃር ሄደሽ የድሬዳዋ ባቡር አትጠብቂ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ለታኅሣሥ ልወስዳት አስቤያለሁ። ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ስለማይስማማት እስከ ድሬዳዋ በባቡር ብንሄድ ይሻላል ብዬ ነው። አያቴ ድሮ ከለገሃር እየተሳፈሩ ድሬዳዋ ይመላለሱ ነበር። ጣቢያውን አፄ ምኒልክ ናቸው ያሠሩት ይሉናል። አሁንም የሚሳፈሩት ከለገሃር ነው? እዚያ የሚያልፈው የከተማ ባቡርስ ድሬዳዋ ይደርሳል? ባቡሩ ወደ እኛም አገር ሊመጣ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»

ከለገሃር ወደ ድሬዳዋ የሚነሳ ባቡር የለም። ከቆመ ቆየ። የድሬዳዋው ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ከለገሃር ብዙ ይርቃል፣ በከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው ያለው። የከተማው ባቡርም ከአዲስ አበባ አይወጣም። ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ባቡሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ ያያትሽ ባቡር ነው። አንዱ በከተማው ውስጥ የሚሄደው ቀላል ባቡር ነው። ሦስተኛው አሁን ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ ባቡር ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ሃዲድ አላቸው፤ የትም ቦታ አይገናኙም። ብዙ ሰው ሻንጣውን ይዞ ለገሃር በር ላይ የሚንከራተተው ይህን ባለማወቅ ነው።

ካያትሽ ልጀምር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አፄ ምኒልክ ባቡሩን አስጀምረዋል፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግን አላዩትም። ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሼፍኖ ሰጡ። ኢልግ የእናንተ አገር እንግዳ ነበር። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው አንኮበር መጥቶ ቤታቸው የገባው። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ሃዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር። የሐረርን ተራራ መውጣት በገንዘብም በሥራም ስለከበደ ሃዲዱ ከታች በቆላው አለፈ። ዛሬም ቁልቢ የሚሄድ ሰው ድሬዳዋ ወርዶ በመኪና ሽቅብ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በባቡሩ ጉዳይ ተፋጠጡ። በስተመጨረሻ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ሲያርፉ ሃዲዱ ገና መንገድ ላይ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በግንቦት 1909 ዓ.ም መጨረሻ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ጥቂት ወራት ቆይቶ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ለገሃር ላይ የምታይው የድንጋይ ሕንፃ ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው፤ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም ነው። ስለዚህ «ምኒልክ ያሠሩት ጣቢያ» የሚለውን ተይው። ሕንፃው በንግሥት ዘውዲቱና በንጉሥ ተፈሪ ዘመን የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከባቡሩ በፊት የሸዋ የባሕር በር መንገድ በእናንተ በኩል ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ይወርዳል። እዚያ ገበያ ላይ የቆላው ሰው በግመል፣ የደጋው ሰው በበቅሎና በአህያ ይገናኛል። ጨው ይመጣል፣ ቡና ይሄዳል፣ ጨርቅ ይገባል። ከዚያ በአፋር በረሃ ወደ ታጁራና ዘይላ ይዘለቃል። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲዛወር መንገዱ ሳሳ። ባቡሩ ሲመጣ ጨርሶ ተዳከመ። አንኮበር ሄዶ የገበያውን ዝምታ ያየ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱ ለገሃር እንደሆነ ቢያውቅ አይከፋም። ስለ ባቡር ሲወራ ይህ ጎኑ ሁሌም ይዘለላል፤ እኔን ሁሌ ይቆጨኛል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዱ አዳር ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ነው። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የድሮ ቡፌ ለዚያ አዳር የተሠራ ነው። በ1923 ዓ.ም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ ልዑካን በዚሁ ሃዲድ ነው የገቡት። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ንጉሡ ራሳቸው ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። በኋላ ከጣልያን የመጣችው ሊቶሪና ገባች፤ ለብቻዋ የምትፈተለክ ፈጣን ባቡር። አያትሽ «ሊቶሪና» ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ እሷን ማለታቸው ነው። የድሬዳዋ ተመላላሽ ደግሞ ጭነቱ ብዙ ነበር። በመስኮት ብርቱካን ይገዛል፤ ከመቀመጫ ሥር ጨርቅና ሬዲዮ ይደበቃል፤ ፈታሽ ሲመጣ ሁሉም ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ታዲያ ለምን ቆመ? «ቻይናዎቹ መጥተው ነው» የሚለው ስህተት ነው። ቻይናዎቹ ሲመጡ አሮጌው ባቡር ቀድሞ ወድቆ ነበር። ሃዲዱ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነው፣ ነጠላ ነው፣ መታጠፊያው ብዙ ነው። ድልድዮቹ አርጅተው ነበር። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሃዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የከባድ መኪናው ቁጥር ሲጨምር ጭነቱ ወደ አስፋልት ሄደ፣ ገቢው ቀነሰ፣ ጥገናውም ቀረ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሃዲዱን የማደስ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ አልዘለቀም። ከ2000 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ከለገሃር ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ለገሃር ላይ ዛሬም ባቡር ይቆማል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው። ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት ሰፈር እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። በጠቅላላ 31.6 ኪሎ ሜትርና 39 ጣቢያ ተብሎ ነው የተሠራው። ሁለቱ መስመሮች መሐል ከተማ ላይ አንድ ሃዲድ ይጋራሉ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ በዚያ ላይ ናቸው። ስለዚህ ለገሃር ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ግን ተጠንቀቂ፦ በአንዱ መድረክ ሁለት መስመር ስለሚያልፍ የመጣው ሁሉ ያንቺ አይደለም። መገናኛ የምትሄጂ ከሆነ «አያት» የሚለውን አይተሽ ነው የምትገቢው። ግር ካለሽ አጠገብሽ ያለውን ሰው ጠይቂ፤ ሁሉም እየጠየቀ ነው የሚሳፈር።

ይህ ባቡር ለምን ድሬዳዋ አይደርስም? የሃዲዱ ስፋት ከአዲሱ የጅቡቲ መስመር ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 1,435 ሚሊ ሜትር። ኤሌክትሪኩ ግን የተለያየ ነው። የከተማው በ750 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የጅቡቲው በ25 ሺህ ቮልት። ፉርጎዎቹም ለአጭር መንገድ ቆሞ ለሚሄድ ሰው የተሠሩ ናቸው። ሻንጣ ማስቀመጫ የለ፣ መጸዳጃ የለ። ሲጀመር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ግን አትምጪ። ከተገዙት 41 ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመዋል። ጥበቃው የሚረዝመውና ግፊያው የሚበረታው ለዚህ ነው። ጠዋትና ማታ የሥራ ሰዓት ላይ እናትሽንና ሻንጣ ይዘሽ እንዳትሞክሪው። ኪስሽንም ጠብቂ። ጣቢያው ከመንገዱ በላይ ድልድይ ላይ ስለሆነ ደረጃ አለ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህንንም አስቢበት።

ሦስተኛው ባቡር እናንተን የሚመለከተው ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በኋላ አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ ለኢትዮ ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር ተላልፏል። ለገሃር ድረስ ለምን አልገባም? ሃዲዱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። አሮጌውን አንስቶ አዲሱን በመሐል ከተማ ማሳለፍ ደግሞ ብዙ ቤት ማፍረስ ነበር። ዋናው ሥራው ከጅቡቲ ዕቃ ማምጣት ስለሆነ በከተማው ዳር አልፎ ወደ ሰበታ መሄዱ ተመረጠ። ለመንገደኛ ግን አልተመቸም። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ባቡር ከከተማው መሐል ጋር በሃዲድ አለመገናኘቱ የሚያስቆጭ ነው። እስካሁን ለቡ የሚደረሰው በታክሲ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ወሬው ስለበዛ። ወደ ሰሜን ሸዋ ሃዲድ ተዘርግቷል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ግን አይደለም። መስመሩ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ ነው። ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሠራው የቱርክ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል በአብዛኛው አልቆ ሳለ ሥራ ሳይጀምር ቆየ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም ጉዳት ደርሶበታል። መንገደኛ አይጭንም።

ደብረ ብርሃን ለምን አልመጣም ካልሽ መልሱ ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄጂ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፈሽ የምትወርጂውን አስቢው። ከላይ ብርድ፣ ከታች ሸዋ ሮቢት ሙቀት። በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪና ይህን በዚግዛግና በዋሻ ይወጣዋል። ባቡር አይችልም። ብረት በብረት ላይ ስለሚሽከረከር ዳገት ላይ ይንሸራተታል። በ100 ሜትር ሁለት ሜትር ከፍ የሚል መንገድ እንኳ ለጭነት ባቡር ከባድ ዳገት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የተራራውን ግርጌ ይዘው በቆላው ሄዱ፤ በምኒልክ ዘመን ሐረርን ትተው በድሬዳዋ እንዳለፉት። ይህን የምነግርሽ በምክንያት ነው። «እዚህ ጋ ጣቢያ ሊሠራ ነው» እያለ መሬት የሚያሻሽጥ ደላላ አይጠፋም። በዚያ ወሬ ገንዘብሽን እንዳታወጪ።

እንግዲህ ጉዞው። የምመክርሽ ይህን ነው፤ ባትቀይሪው ደስ ይለኛል። ስትሄዱ ለገሃርን ርሱት። ስትመለሱ እዩት። ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም፤ አንድ ቀን ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። የሚነሳውም በጠዋት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ እስከ ለቡ ያለውን የከተማውን መጨናነቅ ጨምሪበት። «በሌሊት ተነስቼ እደርሳለሁ» አትበይ። ባቡሩ አይጠብቅም። ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። ላምበረት መናኸሪያ ወርዳችሁ፣ በታክሲ ተሻግራችሁ፣ ለቡ ወይም ጀሞ አካባቢ እደሩ። ታክሲ ስትይዢ «ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ» በይ። «ለቡ» ብቻ ካልሽ ለቡ መብራት ላይ ያወርዱሻል፤ ከዚያ ገና መንገድ አለ።

ትኬቱን ቀድመሽ ቁረጪ። ለቁልቢ ሰሞን መሻማት አለ። የሁለታችሁም መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀበሌ ሂጂ። ባቡሩ መቀመጫም አልጋም አለው። አልጋው ተደራራቢ ነው። ለእናትሽ የታችኛውን አልጋ ያዢ። የላይኛው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያች ጠባብ መሰላል የሚወጡ አይመስለኝም። በር ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፤ ቢላና ጋዝ አትያዙ። ምግብና ውሃ ያዙ። ዳቦ ቆሎም ቢሆን ያዋጣል።

ሰዓቱን በጣም አትመኚ። ሃዲዱ ላይ ከብትና ግመል ይገባል። ባቡሩ እንስሳ ሲገጭ ቆሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ መጠበቅ አለ። መብራት ሲቋረጥም ይቆማል። ስለዚህ ድሬዳዋ በደረሳችሁ ቀን ቁልቢ እወጣለሁ ብለሽ አታቅጂ። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ እዚያም ባጃጅ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። ከተማ እደሩ። በማግስቱ በደንገጎ በኩል ወደ ቁልቢ ውጡ። ታኅሣሥ 18 እና 19 መንገዱ በሰውና በመኪና ይሞላል። እናትሽ ግፊያ የማይችሉ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ቢሳለሙ ስለታቸው አይፈርስም። ይህን ግን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል።

አያትሽ የተሳፈሩበትን ባቡር በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ለገሃር ሳይሆን እዚያው ድሬዳዋ ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ይሻልሻል። የድሮው የጥገና ወርክሾፕ፣ ማሽኖቹና ሎኮሞቲቮቹ እዚያ ናቸው። በር ላይ ጠይቀሽ ፈቃድ ካገኘሽ ያስጎበኙሻል። ለገሃር ላይ የምታይው ሕንፃውን ነው። አካባቢው በ2011 ዓ.ም ይፋ በሆነ የ36 ሄክታር ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ውስጥ ያለ ነው፤ እንደ ሙዚየም ዘው ብለሽ የምትገቢበት ቦታ አድርገሽ አታስቢው። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጥበቃውን ጠይቂ። ዝም ብሎ ማንሳት ጣጣ ያመጣል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የቸርችል ጎዳና መነሻ ላይ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ግን ሳታዪ እንዳትመለሺ። በ1923 ዓ.ም ለንግሡ በዓል ዋዜማ የቆመ ነው። ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ አይቶ ነው ተብሎ ይተረካል። ብዙ ሰው ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋር ያምታታዋል። ያኛው ሌላ ነው፤ ለንጉሡ 25ኛ የንግሥ በዓል የተሠራ።

ስትመለሱ ባቡሩ ለቡ ሲገባ ቀኑ ያለቀ ነው የሚሆነው። ያን ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ለመሮጥ አትሞክሩ። አዲስ አበባ እደሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ የሥራ ግፊያው ካለፈ በኋላ፣ በታክሲ ለገሃር ሂዱ። ሕንፃውንና አንበሳውን እዩ። ከዚያ እዚያው ለገሃር ላይ ወደ አያት ሰፈር የሚሄደውን ቀላል ባቡር ይዛችሁ መገናኛ ውረዱ፤ መቀየር የለውም። ከመገናኛ ላምበረት በታክሲ ቅርብ ነው፤ የደብረ ብርሃን መኪና እዚያ ታገኛላችሁ። ሻንጣው ከከበደ ወይም ሰልፉ ከረዘመ ቀላል ባቡሩን ትታችሁ በቀጥታ ታክሲ ያዙ። የመልሱን ትኬት ደግሞ «ድሬዳዋ ስደርስ እቆርጣለሁ» አትበይ፤ ከቁልቢ ማግስት ሁሉም ሰው የሚመለሰው በአንድ ጊዜ ነው። ለቡ ላይ የመሄጃውን ስትቆርጪ የመመለሻውንም አብረሽ ጠይቂ።